«ፍጥነቱ የት ሄደ?»

ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ እኔ ጓዳ ውስጥ የምሽት ቡና አፈላለሁ። ከሳሎን የልጅ ልጄ ድምፅ መጣ። «ድግምቴን ጨርሻለሁ! እንቅልፍ ተኝቼ ካልተነሳሁ ሌላ መድገም አልችልም!» ጀበናውን ላወርድ የዘረጋሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። ድግምት? በእኔ ቤት?

ስገባ ሁለቱ ወንዶች የልጅ ልጆቼ ሻማ አብርተው የምግብ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። ወረቀት ላይ ማማ ስለዋል። በማማው ዙሪያ የገብስ ቆሎ ተደርድሯል፤ ቀስተኞች ናቸው አሉኝ። አንድ ሽምብራ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ እሷ ዘንዶ ናት። ቀስተኛ በሞተ ቁጥር ይበሉታል። ለቡናው የቆላሁት ቆሎ ወዴት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባኝ።

አንደኛው የሴት ልጄ ልጅ ነው፤ 14 ዓመቱ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ለክረምት እረፍት እኔ ዘንድ የመጣ። አማርኛው ደህና ነው፤ እኔን «አንተ» ማለቱን ብቻ ገና አልተወም። ሁለተኛው የወንድ ልጄ ልጅ ነው፤ 15 ዓመቱ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ዘጠነኛ ክፍልን የጨረሰ። ሲጨርስም በፊዚክስ ከመቶ 47 አምጥቶ። ይህ ቁጥር ኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው፤ ስለዚህ የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም፣ ከልጆቼ ይበልጣል። እኛ ማታ ማታ እሳት ዳር ከምንሰማው ተረት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ እዚህ አድማጩ ዝም ብሎ አይሰማም። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ይተርካል፤ ሌሎቹ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የተሳካ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው ዳይስ ነው። የሉዶው ዳይስ ስድስት ፊት አለው፤ የእነሱ ዋናው ዳይስ ሃያ። ድግምት የሚሉትም አስማተኛው በጨዋታው ውስጥ የሚጠቀምበት ችሎታ ነው፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ በመጽሐፍ በቁጥር ተጽፏል። ይህን ሰምቼ ቡናዬን ቀድቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መነጽሬን አድርጌ መጽሐፉን ስገልጥ ግን ሙያዬ ተቆጣ።

እንዴት አይቆጣ! በአዲሱ የጨዋታ ሕግ ሰውዬው በእሳት ቢለበለብ፣ በሰይፍ ቢወጋ፣ ነፍሱ ካልወጣች በቀር 8 ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነርስ ነበርኩ። እኔ የማውቃቸው 8 ሰዓቶች ሌላ ናቸው። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን የገላው አንድ አምስተኛ በፈላ ውሃ ቢቃጠል በመጀመሪያው ቀን ወደ 1,600 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥሩ እንሰጠዋለን፤ የዚያ ግማሽ ከተቃጠለበት ደቂቃ ጀምሮ ባሉት 8 ሰዓቶች ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የፋሻ መቀየር ሳምንታት አሉ። የልጁ ጩኸት ከጆሮ አይወጣም። (በነገራችን ላይ፣ የተቃጠለን ገላ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። እንቁላል፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ፋሻውን የምታነሳው ነርስ ናት የምትቸገረው፤ ከእሷ የሚብሰው ልጁ።)

«እማዬ፣ ጌም እኮ ነው» አለኝ የአሜሪካው።

«ጌምም ቢሆን» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጨዋታው ሐኪም ሆኜ ተቀጠርኩ።

አባትየው፣ ማለትም ወንድ ልጄ፣ ነገሩን አልወደደውም። «ፊዚክስ 47 ያመጣ ልጅ አስማት ያጠናል?» አለኝ በስልክ። እውነቱን ነበር፤ ደብተር የሚያስከፍት ነገር አይመስልም። እኔ ግን ከሁለቱ ጋር ስቀመጥ ያየሁት ሌላ ነው። ልጆቹ ከሚጫወቱበት ሰዓት የሚከራከሩበት ይበልጣል፤ ክርክራቸውም በአብዛኛው «ይሄ በእውነቱ ዓለም ቢሆን ምን ይፈጠራል?» የሚል ነው።

ለምሳሌ የእሳት ኳስ የሚባል ድግምት አለ። በአሁኑ ሕግ ስድስት ሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ኳስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አያልፍም። በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው የድሮ መጽሐፍ ግን እሳቱ 33,000 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ቦታ የመሙላት ግዴታ ነበረበት። ሜዳ ላይ ከተወረወረ ኳስ ይሆናል። ስፋቱም ቁመቱም ሦስት ሜትር የሆነ ኮሪደር ውስጥ ከተወረወረ ግን መሄጃ ስለሚያጣ በሁለቱም አቅጣጫ ሃምሳ ሃምሳ ሜትር ይሮጣል፤ የወረወረውንም ይበላዋል። ልጆቹ ይህን በወረቀት አባዝተውና አካፍለው ሲደርሱበት አየሁ። የፊዚክስ መምህሩ ቢያይ ያው ልጅ መሆኑን ይጠራጠር ነበር።

ከሁሉ ያሳቀኝ የጦሩ ነገር ነው። በጨዋታው አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፤ በዚያ 6 ሰከንድ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። እንግዲህ አንድ ሺህ ገበሬዎች በሰልፍ ይቆማሉ፤ ግንባታ ቦታ ድንጋይ እንደሚቀባበሉት ሰዎች። በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል አለ። የመጀመሪያው ጦር ለሁለተኛው ያቀብላል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ ሁሉም በዚያው ዙር ውስጥ ስለሆኑ ጦሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በ6 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር! የመንገደኛ አውሮፕላን ፍጥነት። የመጨረሻው ሰው ሲወረውረው ግንብ መደርመስ አለበት ብለው ተጫዋቾች ለዓመታት ተከራክረውበታል። የጨዋታው ባለቤቶችም ሰልችቷቸው ይመስለኛል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት የመሪዎች መጽሐፍ ይህንኑ የሰልፍና የጦር ምሳሌ ጠቅሰው የጨዋታ ሕግ የፊዚክስ ሕግ አይደለም ብለው ጽፈዋል።

የአሜሪካው በዚህ ይስማማል። መሪ ነውና ጨዋታው እንዳይቆም ይፈልጋል። የአዲስ አበባው ግን ችክ ያለ ነው። «ዝም ብሎ አይሆንም» ይላል። ይህ ችክ ማለቱ ነው ወደ ዋናው ነገሬ ያመጣን።

አንድ ረቡዕ ማታ አስማተኛው፣ ማለትም የአዲስ አበባው፣ ከማማው ጫፍ ተገፈተረ። ማማው 200 ጫማ ነው፤ 60 ሜትር፣ ሃያ ፎቅ ያህል። «የላባ አወዳደቅ» የሚባል ድግምት አለው። ቃሉን ከተናገረ በየ6 ሰከንዱ 60 ጫማ ብቻ እየወረደ በሰላም ያርፋል። በእኛ ልኬት በሰከንድ ሦስት ሜትር መሆኑ ነው። ሒሳቡን ሠራነው፤ መሬት ሲነካ የሚኖረው ፍጥነት ግማሽ ሜትር ከማይሞላ ወንበር ላይ እንደ መዝለል ነው። ጥሩ ድግምት ነው። ችግሩ እንደ ላባ 60 ሜትር ለመውረድ 20 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከታች ደግሞ ቆሎዎቹ ቀስታቸውን ወጥረው ይጠብቁታል። ስለዚህ ልጁ ዘዴ አወጣ። «ቃሉን አሁን አልናገርም። እንደ ድንጋይ እወርዳለሁ፤ መሬት ለመድረስ አንድ ሜትር ሲቀረኝ እናገራለሁ።»

መሪው መጽሐፉን አየ። «ሕጉ ይፈቅዳል። ምንም አትሆንም» አለ።

የአዲስ አበባው ግን ደስ አላለውም። ዳይሱን በእጁ እያገላበጠ ቆየና «ቆይ፣ እንደዛ ስወርድ የነበረው ፍጥነቴ የት ሄደ?» አለ።

«አስማት ነው!»

«አስማቱ ያቁመኝ፣ እሺ። ግን በአንድ ሜትር ውስጥ ነው የሚያቆመኝ። መሬቱም ቢሆን እኮ የሚያደርገው ማቆም ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ፣ ሰው ከስንት ሜትር ወድቆ ይተርፋል?»

በሥራ ዘመኔ ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ለጨዋታ አልነበረም። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቁ የግንባታ ሠራተኞችን ተቀብያለሁ። ከሁለተኛ ፎቅ ወድቆ አሸዋ ክምር ላይ ያረፈ ጎልማሳ በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ እናቶችንም አይቻለሁ። «ከፍታው ብቻ አይደለም» አልኩት። «የሚገድለው አቋቋሙ ነው። በምን ያህል ርቀት ውስጥ ቆምክ? አሸዋው ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ቀስ ብሎ ያቆምሃል። ሲሚንቶ አይሰምጥም።»

ደብተር አመጡ። የቀለለው መንገድ ይኸውላችሁ፣ እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። የወደቀበትን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ በ20 አባዙ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት አውጡ፤ የሚመጣው በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚጓዝ ነው። የአየሩን ግፊት ለጊዜው ተዉት። 60 በ20 ሲባዛ 1,200፤ ስኩዌር ሩቱ ወደ 35። በሰከንድ 35 ሜትር በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ፍጥነት በአንድ ሜትር ውስጥ ለመግደል ሰውነቱ ከመሬት ስበት 60 እጥፍ በሆነ ኃይል መያዝ አለበት። አስማተኛው 60 ኪሎ ከሆነ በዚያች ቅጽበት 3,600 ኪሎ ይመዝናል። ሠላሳ ስድስት ኩንታል።

«ውጭው ቢቆምም ውስጡ አይቆምም» አልኳቸው። «አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠ ለስላሳ ነገር ነው፤ ቅሉ ሲቆም እሱ መሄዱን ይቀጥላል። ልብም በትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረት ሲቆም እሱም ወደፊት ይሄዳል። ከላይ ጭረት የሌለበት ሰው ውስጡ ተቀዶ ይመጣል። ድግምትህ ቆዳህን አድኖ ልብህን አላዳነም።»

ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ የአሜሪካው ስልኩን አወጣና በእውነት የተለካ ነገር ፈልጎ አነበበልን። ጆን ስታፕ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም በዲሴምበር 1954 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ራሱን አስሮ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። ከመሬት ስበት 46 እጥፍ ገደማ ደረሰበት። የዓይኑ ደም ሥሮች ፈነዱ፤ ለጊዜው ማየት ተሳነው፤ ግን ተረፈ። ያተረፈው ጥብቅ ማሰሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ይኸው ሐኪም መኪና ሁሉ ቀበቶ ይኑረው እያለ ተከራከረ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆንሰን የተሽከርካሪ ደህንነት ሕጉን ሲፈርሙ እዚያው ነበር። ዛሬ በትከሻና በወገብ የምናስረውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ደግሞ ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. ለቮልቮ ሠራው፤ ኩባንያውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

ልጆቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። የላባውን ቃል መሬት ለመድረስ 12 ሜትር ሲቀር ካልተናገሩ ጉዳት አለው፤ በ12 ሜትር ውስጥ ሲቆም ኃይሉ ወደ አምስት እጥፍ ይወርዳል፣ ያንን ሰው ይችለዋል። አስማተኛው በዚህ ስሌት ተረፈ፤ አንድ ቀስት ግን ትከሻው ላይ ተቀበለ። ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንዳይድን እኔ ከለከልኩ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ወንድ ልጄ ከሚስቱና ከአራት ዓመት ሴት ልጁ ጋር መጣ። ምሳ በላን። ልጁን ለሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ሊወስደው ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወጡ፤ አባት መሪውን ያዘ፣ ምራቴ ከፊት ተቀመጠች፣ ትንሿ እንደ ሁልጊዜው ጭኗ ላይ ወጣች። መስታወቱ ላይ ጣቷን አድርጋ ትስላለች። ትልቁ ግን አልገባም። በሩን ይዞ ቆመ።

«ግባ እንጂ!»

«እሷ ከኋላ ትቀመጥ።»

«ምን ሆነህ ነው? ሁልጊዜ እዚህ አይደል የምትቀመጠው?»

«በሰዓት 50 ብንሄድና ብንጋጭ ከ10 ሜትር እንደ መውደቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ማለት ነው። ማሚ ልትይዛት አትችልም።»

ምራቴ «እኔ ልጄን መያዝ ያቅተኛል?» አለች፤ ቅር ብሏት።

«ሚሚ 15 ኪሎ ናት። መኪናው ፊቱ ተጨማድዶ በግማሽ ሜትር ቢቆም 300 ኪሎ ትሆንብሻለች። ሦስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው።»

አባቱ ተቆጣ። ጎረቤት እያየ፣ ገና ተማሪ የሆነ ልጅ አባቱን ስለ መኪና ሲያስተምር። «ፊዚክስ 47 አምጥተህ ነው?» አለው። ያ አነጋገር ልክ አልነበረም፤ ልጁ አንገቱን ደፋ፤ በሩን ግን አልለቀቀም። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «ይሄ የአስማት ጨዋታ ዛሬ ያብቃ» አለ።

እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ እውነቱን መሆኑን አውቃለሁ። ያወቅሁት ከእሱ ደብተር አይደለም። ለብዙ ዓመታት ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ፣ አንዲት ወጣት እናት ከትራፊክ አደጋ መጣች። ግንባሯ ላይ ትንሽ መሰንጠቅ ነበር፤ ሌላ የላትም። ጭኗ ላይ የነበረው ዓመት ያልሞላው ልጇ ግን ሊተርፍ አልቻለም። ቁስሏን ሳጥብላት ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «አጥብቄ ይዤው ነበር። እህቴ፣ አጥብቄ ይዤው ነበር።» መያዟን አምናታለሁ። ክንዷ ላይ የልጁ ሹራብ ክር ተጎትቶ ቀርቷል። ምን ልበላት? ጥፋቷ አይደለም አልኳት። ማንም ሊይዘው አይችልም ነበር ማለት ግን አልቻልኩም፤ ያን ማለት ሌላ ቢላ መስሎ ታየኝ።

ዋናው ኃጢአቴ ግን እሱ አይደለም። በሚቀጥለው እሑድ በባልደረባዬ መኪና ለክርስትና ስንሄድ የራሴን ወንድ ልጅ ከፊት ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሁን በር ይዞ ከልጁ ጋር የሚከራከረው እሱ ነው። ያየሁትን አይቼ፣ የማውቀውን አውቄ። ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር፤ እኔም አደረግኩ። ከዚያ በኋላም ምራቴ ትንሿን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሄድ አራት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ እጄን እያውለበለብኩ ሸኝቻለሁ። አማት ጣልቃ ገባች እንዳልባል።

ይህን ሁሉ እዚያው በረንዳ ላይ ነገርኳቸው። የሹራቡን ክር ሳይቀር። ምራቴ ሳትናገር ወረደች፤ ትንሿን ይዛ ከኋላ ገባች፤ ለእሷ ለብቻዋ ቀበቶ አሰረችላት። ልጄ ምንም አላለም። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ አልደወለም፤ ልጁንም አልመለሰውም። የአሜሪካው ቆሎውን ብቻውን ሲደረድርና ሲያፈርስ ከረመ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሁለቱም መጡ። ልጄ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ቁጥር ካላጣራ እንቅልፍ የለውም። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ሠራሁት። 300 ኪሎ አይደለም። 295 ነው» አለ። ልጁ ወረቀቱን አየና «እኔ ከፍታውን አጠጋግቼ 10 ሜትር አድርጌ ስለወሰድኩ ነው፤ አንተ ሳታጠጋጋ ወስደህ ነው» አለው። ሌላ ይቅርታ በመካከላቸው ሲባል አልሰማሁም።

ለሴት ልጄ ወደ ሜሪላንድ ደውዬ የልጅ መቀመጫ በሰው ላከችልን፤ ባለ አምስት ማሰሪያ፣ ከመኪናው የኋላ ወንበር ጋር የሚታሰር። አሮጌ ከምትገዙ፣ አደጋ ያላየ መሆኑን የምታውቁትን ግዙ። ለሁሉም እንደማይገኝ፣ ዋጋውም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለማይገኝለት ሰው ግን ልጅን ከፊት ጭን ላይ ከማድረግ የኋላ ወንበር ይሻላል። አንድ የሚደረግ ስሕተት አለ፤ አዋቂውና ልጁ በአንድ ቀበቶ መታሰር። ያ የለየለት አደጋ ነው፤ ሲጋጭ የአዋቂው ክብደት ሁሉ ልጁን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ለጨቅላ ሕፃን መቀመጫው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ ይታሰር፤ ያን ጊዜ ኃይሉ አንገቱን ሳይሆን ጀርባውን በሙሉ ይይዛል። በሚኒባስ ታክሲ ቀበቶ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። አይመጣም። ቢያንስ ከሾፌሩ አጠገብ ልጅ ታቅፋችሁ አትቀመጡ፤ ወደ ኋላ እለፉ።

ትንሿ መቀመጫዋን «የንግሥት ወንበር» ብላዋለች። ማሰሪያውን ካልቆለፉላት መኪናው እንዲነሳ አትፈቅድም። ምራቴ አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ስለዚያች እናት ጠየቀችኝ፤ ስሟን አስታውስ እንደሆነ። አላስታውስም። ሹራቡ ቢጫ እንደነበር ግን ነገርኳት።

የ47ቱን ጉዳይ በመስከረም እናያለን። ደብተሩ ላይ ከማማና ከዘንዶ ሥዕል ጎን ስለ መውደቅ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኤሌክትሪክ ግን ገና ምንም የለም። መብረቅ የሚጥል ድግምት አለ ብለውኛል፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን መከራከር ጀምረዋል። ለዚህም የማውቀው ነገር አለኝ፤ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።

የአሜሪካው ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ ልጄ ራሱ ጨዋታው ውስጥ ገባ። የማማው ጠባቂ አዛዥ አደረጉትና የላባውን ድግምት የያዘ ቀለበት ሰጡት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘንዶዋ፣ ማለትም ሽምብራዋ፣ ከጫፍ ገፈተረችው። 60 ሜትር። መሪው ቁመቱን ከላይ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ሃምሳ። አርባ። ልጄ ቀስተኞቹን አየና «ቆይ፣ ትንሽ ልውረድ» አለ። ሠላሳ። ሃያ።

ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። «አባዬ፣ አሁን በል! አሁን!»